«ፈልጎ ነው» መልስ አይሆንም፦ ሕያዋን አካባቢያቸውን እንዴት እንደሚያውቁ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እየተባዛ ከተማሪ እጅ የማይጠፋ ባለ ስምንት ገጽ ጽሑፍ አለ። ሕያዋን የአካባቢያቸውን ለውጥ እንዴት እንደሚያውቁና ምን ምላሽ እንደሚሰጡ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ያስረዳል፤ መጨረሻው ላይ ሃያ ጥያቄ ከነመልሱ ተያይዟል። የጸሐፊው ስም አልሰፈረበትም። ማንም ይሁኑ፣ ምሳሌዎቻቸውን ከዚሁ ከወሎ መምረጣቸው ያስመሰግናቸዋል። ገብስ፣ ማሽላ፣ እስስት፣ አንበጣ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ተማሪው በየዕለቱ የሚያያቸው ናቸው። ሥነ ሕይወት የምናስተምር ሰዎች ጽሑፉን በዝምታ ማለፍ ያልቻልነውም ለዚሁ ነው፤ የሚወደድ ጽሑፍ ውስጥ የገባ ስሕተት ቶሎ ሥር ይሰዳል።

ስሕተቶቹ ብዙ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። በስምንቱም ገጽ «ፈልጎ» የምትል ቃል ትመላለሳለች። ገብሱ ብርሃን ፈልጎ ይጎብጣል፤ ሥሩ ውኃ ፈልጎ ይወርዳል፤ እስስቷ መደበቅ ፈልጋ ቀለም ትለውጣለች፤ ሰውነት አየር ፈልጎ ደም ያበዛል። ይህ አባባል አንድ ነገር ምን እንደጠቀመ ይነግረን ይሆናል፤ እንዴት እንደተከናወነ ግን አይነግረንም። ምላሽ ባለበት ሁሉ ለውጡን የሚያውቅ ተቀባይ አለ፤ የታወቀውን የሚያደርስ መልእክት አለ፤ የደረሰውን የሚፈጽም አካል አለ። ስለዚህ በየነጥቡ ጸሐፊውን የምንጠይቃቸው ያው ነው፦ ያወቀው የትኛው ሕዋስ ነው? መልእክቱ በምን ሄደ? ስንት ጊዜስ ፈጀ?

ገብሱና መስኮቱ

ጽሑፉ «ብርሃን ያገኘው ጎን ብዙ ምግብ ስለሚሠራ ቶሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ቡቃያው ወደ ብርሃን ይጎብጣል» ይላል። ይህ ከሳይንሱ በፊት ከማየት ጋር ይጣላል። የአንድ ነገር ሁለት ጎኖች እኩል ካልረዘሙ የሚጎብጠው ወዳጠረው ጎን ነው። ብርሃን ያገኘው ጎን ቢረዝም ኖሮ ገብሱ ጀርባውን ለመስኮቱ በሰጠ ነበር። የሚረዝመው ጥላው ያረፈበት ጎን ነው። የ«ምግብ ሠራ» ነገርም አይሆንም፤ ጨለማ ውስጥ የበቀለ ነጭ ቡቃያ ገና አረንጓዴ ቀለም የለውም፤ የሚበላው ፍሬው ውስጥ የተቀመጠለትን ስንቅ ነው። እንዲያም ሆኖ ይጎብጣል።

ብርሃኑን የሚያውቀው ጫፉ ነው። የመጀመሪያውን ቅጠል እንደ ሰገባ ሸፍና የምትወጣው ቀጭን ነጭ ቱቦ ጫፏ ላይ ያሉ ሕዋሳት ፎቶትሮፒን የሚባል ፕሮቲን አላቸው፤ ይህ ፕሮቲን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ይነቃል፤ ለቀይ ብርሃን ግን ደንታ የለውም። የነቃው ፕሮቲን ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ጥላው ጎን ያዛውራል። ኦክሲኑ ወደ ታች ሲወርድ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ግድግዳቸው ይላላና ውኃ ስበው ይረዝማሉ። አዋቂው ጫፉ፣ ጎባጩ ከጫፉ በታች ያለው አካል ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ ይህን በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል፤ ጫፉን ብርሃን በማያሳልፍ ቆብ ሲሸፍኑት ቡቃያው ቀጥ ብሎ ቀረ። ሆርሞኑን ከጫፉ ለይቶ ያሳየው ደግሞ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት ነው፤ ያም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር።

ሙከራው ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ይሠራል ማለት ይቻላል። ሠላሳ አርባ የገብስ ፍሬ ማታ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፉ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለሁለት ቆርጦ የታችኛውን ክፍል መብሳት፣ እርጥብ አሸዋማ አፈር መሙላት፣ ፍሬውን አንድ ሴንቲ ሜትር አጥልቆ መዝራት። እንዲህ ያለ ሦስት ዕቃ ይዘጋጅና ሦስቱም ጨለማ ካርቶን ውስጥ ይግቡ። ኮምቦልቻ ላይ በአራት ቀን ገደማ ቡቃያው ይደርሳል፤ ደሴ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው አንድ ሁለት ቀን ይጨመርበት። ቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆን የመጀመሪያው ዕቃ እንዳለ ይተው። የሁለተኛው ዕቃ ቡቃያዎች ግማሾቹ ጫፋቸው ላይ አምስት ሚሊ ሜትር የምትሆን የፎይል ቆብ፣ ግማሾቹ ደግሞ ያንኑ የሚያክል ከጠራ ላስቲክ የተሠራ ቆብ ይድፉ። የሦስተኛው ጫፋቸው ተጋልጦ ከጫፋቸው በታች ልል የፎይል ቱቦ ይልበሱ። ከዚያ አንድ ጎኑ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ይሸፈኑ፤ ቀዳዳው ወደ መስኮቱ ይዙር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጎበጡ ይጀምራል፤ በማግስቱ ጠዋት በግልጽ ይታያል። ፎይል ከደፉት በቀር ሁሉም ይጎብጣሉ። የጠራው ቆብ የተጨመረው «ቆቡ ከብዶት ነው» የሚለውን ክርክር አስቀድሞ ለመዝጋት ነው።

ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት በአንድ ቡቃያ ሁለት ጎን በቀጭን እስክሪብቶ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ ነጥብ አድርጉ። በማግስቱ በጥላው በኩል ያሉት ነጥቦች ተራርቀው፣ በብርሃኑ በኩል ያሉት ግን እምብዛም ሳይነቃነቁ ታገኟቸዋላችሁ። የጽሑፉን ዐረፍተ ነገር ከዚያ በላይ የሚያፈርስ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሙከራው የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አረንጓዴው ቅጠል ሰገባውን ቀዶ ከወጣ በኋላ የተጀመረ ሙከራ አልፎበታል፤ ሰገባው ማደግ አቁሟል። ቆቡ ሲጠብቅ ጫፉን ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ጫፍም አይጎብጥምና ተማሪው ስብራቱን እንደ ውጤት ይመዘግባል። የካርቶኑ ክዳን ካልገጠመ ቡቃያው በየአቅጣጫው ይዛባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በየሰዓቱ ከፍቶ በሞባይል መብራት ማየት ነው። የሞባይል ነጭ ብርሃን ብዙ ሰማያዊ አለበት፤ ለጥቂት ሴኮንድ ቢያርፍም መጎበጥን ሊያስጀምር ይበቃል።

ሥር ወደ ታች የሚወርደው

ጸሐፊው «ውኃ ታች ስላለ» ነው ይላሉ። ሥር እርጥበት ወዳለበት የሚያዘነብል መሆኑ ሐሰት አይደለም። ወደ ታች መውረዱን የሚወስነው ግን በዋናነት የመሬት ስበት ነው። የሥሩን ጫፍ የሚሸፍነው ቆብ መሐሉ ላይ ከባድ የስታርች እንክብሎችን የያዙ ሕዋሳት አሉት። ሥሩ ሲጋደም እንክብሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተንከባለው ታችኛው ግድግዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኦክሲንም ወደዚያው ጎን ይዛወራል። ግንድ ላይ እድገት የሚያፋጥነው ኦክሲን ሥር ላይ ሲበዛ ያዘገያል፤ ስለዚህ የላይኛው ጎን ይረዝምና ሥሩ ወደ ታች ይጎብጣል። በበቆሎ ሥር ላይ ቆቡ ብቻ በጥንቃቄ ሲነሣ ሥሩ ማደጉን ሳያቋርጥ አቅጣጫውን ይስታል፤ አዲስ ቆብ ሲያበቅል እንደገና ይወርዳል።

ለማየት የጎነቆለ ባቄላ ይበቃል። ሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አጋድሞ በመርፌ ማስያዝና ክዳን ባለው ዕቃ መዝጋት ነው፤ እርጥበቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል ነው፣ ውኃ «ታች» የለም። አንድ ሌሊት ሲያድር ጫፉ ወደ መሬት ተቆልምሞ ይገኛል። ገበሬው ደግሞ ተቃራኒውን ማሳው ላይ ያያል፦ ነፋስና ዝናብ ያስተኛው ስንዴ ገና ካልደረቀ አንጓው ላይ ታጥፎ ራሱን ቀና ያደርጋል። አንጓውን በጣት ብትዳስሱት በታች በኩል ወፍሮ ይገኛል።

ማሽላ ምን ይቆጥራል?

«ማሽላ ዝናብ ሲጠግብ ራሱን ያወጣል» የሚለው ነጥብ በኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉት ለቃሉና ለሐርቡ ገበሬ ልጅ ከሁሉ የቀረበ ስለሆነ እርማቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድርቅ ማሽላን ያዘገያል፤ እውነት ነው። ረጅም ጊዜ የሚቆየው የአገራችን ማሽላ ግን በሚያዝያ ቢዘራም፣ ዝናብ ዘግይቶ በግንቦት መጨረሻ ቢዘራም፣ የሚያብበው በተቀራረበ ጊዜ ነው። የዘገየው አጭርና ጥቂት ቅጠል ያለው ሆኖ ያብባል። ዝናብ ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው፣ የዘገየው በዚያው ልክ ዘግይቶ ባበበ ነበር።

ማሽላ የሚለካው የሌሊቱን ርዝመት ነው። በእኛ ኬክሮስ፣ 11 ዲግሪ ሰሜን ገደማ፣ በሰኔ ረጅሙ ቀን ወደ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ አጭሩ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ለማሽላ ግን በቂ ነው። ክረምቱ ሲጋመስ ሌሊቱ እየረዘመ ይሄዳል፤ ልኩን ሲያልፍ ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ራሱን፣ ማለትም ፍሬ የሚይዘውን ዘለላ፣ ማዘጋጀት ይጀምራል። ለካዩ ቅጠሉ ነው። ፋይቶክሮም የሚባለው ፕሮቲን ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ አንድ ቅርጽ ይለወጣል፤ ከቀይ ባሻገር ያለው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበትና ጨለማው ሲረዝም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሃምነርና ቦነር በ1938 እ.ኤ.አ. ዛንቲየም በተባለ አረም ላይ እንዳሳዩት ረጅሙን ሌሊት መሐሉ ላይ ለአጭር ጊዜ ብርሃን ካቋረጠው ተክሉ አያብብም፤ ቀኑን በጨለማ ማቋረጥ ግን ምንም አይለውጥም። ከቅጠሉ ወደ እምቡጡ የሚሄደው መልእክት ኤፍቲ የተባለ ፕሮቲን ሲሆን ምግብ በሚያጓጉዙት ቧንቧዎች ውስጥ ይጓዛል።

የዚህ እውቀት ጥቅም የመንገድ መብራት ሥር ይታያል። ሌሊት ወጋገን የማያጣው ማሽላ ጎረቤቱ ራሱን አውጥቶ እሱ ገና ቅጠል ሲያወጣ ይገኛል። ዝናቡም፣ አፈሩም፣ ዘሩም አንድ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ቀና ብሎ ምሰሶውን ቢያይ ይሻላል።

እስስት

ስለ እስስት የተጻፈው («የቆመችበትን ነገር ቀለም ትይዛለች») ከተረትና ከምሳሌያዊ አነጋገር የመጣ ነው፤ እንደ እስስት ተለዋወጠ እንላለን፤ ቋንቋ ላይ ያምራል፤ በጥናት ወረቀት ላይ ግን አይሠራም። የእስስት ቀለም በዋናነት የሚለዋወጠው በሙቀት፣ በብርሃንና ከሌላ እስስት ጋር በመገናኘት ነው። በጠዋት ብርድ አጥር ላይ የተገኘች እስስት ብዙ ጊዜ የጠቆረች ናት፤ ጥቁር አካል ፀሐይን ቶሎ ይጠጣል። ሞቅ ሲላት ትፈካለች። ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ ከየትኛውም ቅጠል ጋር የማይመሳሰል ደማቅ ቀለም ያወጣሉ፤ ያ ደግሞ የመደበቅ ተቃራኒ ነው። ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሠራሩን አሳይቷል። ቆዳቸው ውስጥ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ፤ እስስቱ ሲረጋጋ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህም ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደረብ አረንጓዴ ይሆናል። ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ ቆዳውም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይሄዳል። ቀይ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጧት ቀይ አትሆንም፤ ትደነግጣለች እንጂ።

አንበጣ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ስሕተቱ ሰብል ያስከፍላልና። ጽሑፉ «ፌንጣና አንበጣ ፈጽሞ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው፤ አንበጣ ተሰብስቦ የተወለደ ነው» ይላል። ፌንጣ ሁሉ አንበጣ አይሆንም፤ ይህ ትክክል ነው። የበረሃ አንበጣ ግን ራሱ ሁለት ኑሮ አለው። ለብቻው ሲኖር እንደማንኛውም ፌንጣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ፣ ከሌላው ሸሽቶ፣ በሌሊት እየበረረ ይኖራል። ማንም አያየውም። የመንጋው አንበጣ ከዚሁ ከብቸኛው የሚወጣ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው። የአንበጣ ዝርያ ሁለት መልክ እንዳለው በ1921 እ.ኤ.አ. ያስረዳው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው።

የሚለውጠው ምንድን ነው? መነካካት። ዝናብ ሲዘንብ በረሃው ይለመልማል፤ አንበጣው ይራባል። ልምላሜው ሲደርቅ አረንጓዴ የሚቀረው እዚህም እዚያም በትንሽ በትንሹ ነው፤ ብቸኛ ነፍሳቱ ሳይወዱ በዚያ ይታጨቃሉ። የኋላ እግራቸው ጭን ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች መነካትን ያውቃሉ። ተመራማሪዎች የኋላ እግሩን በየደቂቃው ለአምስት ሴኮንድ እያሻሹ አራት ሰዓት ሲቆዩ ብቸኛው አንበጣ ወደ መሰሎቹ መጠጋት ጀመረ፤ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲነካ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። የሌሎች አንበጦች ሽታና እይታ ተደምረውም ይህንኑ ያመጣሉ። መልእክቱ የሚያልፈው ሲሮቶኒን በሚባል የነርቭ ኬሚካል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ በደረት ውስጥ ባሉት የነርቭ ቋጠሮዎች ሲሮቶኒን ይጨምራል፤ ሥራው በመድኃኒት ሲታገድ ነፍሳቱ ቢታጨቁም ጠባያቸው አይለወጥም። የሰውን ስሜት የሚገዛው ያው ኬሚካል ነው።

ጠባይ በሰዓታት ይለወጣል፤ መልክ ግን ጊዜ ይወስዳል። ገና ክንፍ ያላወጣው አንበጣ፣ ኩብኩባው፣ በሚቀጥሉት የቆዳ ቅየራዎች ቢጫና ጥቁር ይሆናል። ክንፍ ያወጣው መጀመሪያ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ነው። ብዙ ጊዜ ያልቆየ መንጋ ቢበታተን በሰዓታት ወደ ብቸኝነት ይመለሳል፤ ትውልድ የተቈጠረለት ግን ቶሎ አይለቅም፤ እናቲቱ የኖረችበት መጨናነቅ ልጆቿ ላይ ይታያል።

ይህ ሁሉ ለሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እንቁላሉ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይጣላል። የተፈለፈለው ኩብኩባ ክንፍ ስለሌለው በምድር ላይ በጭፍራ ይሄዳል፤ ርጭት አካባቢን ብዙ ሳይጎዳ ፍሬ የሚሰጠው ያኔ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል፤ እያንዳንዱም በየቀኑ የክብደቱን ያህል፣ ሁለት ግራም ገደማ፣ ይበላል። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ውስጥ አርባ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎ ላይ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሲበላ ገበሬው ያደረገው ጣሳ መምታት፣ ጅራፍ ማጮኽና ጭስ ማጨስ ነበር። ያ የራስን ማሳ ለጊዜው ያተርፋል፤ መንጋው ግን ወደ ጎረቤት ይሄዳል። «ተሰብስቦ የተወለደ ነው» ብሎ የተማረ ልጅ ነገ የልማት ሠራተኛ ሲሆን ሰማይ ሰማይ ያያል። መታየት ያለበት ምድሩ ነው፤ ከዝናብ በኋላ የለመለመው ቆላ፣ ብቸኞቹ የሚታጨቁበት ቁጥቋጦ፣ ገና መሬት ላይ ያለው ኩብኩባ።

ሐረጎን የወጣ ሰው

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታው ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይደርሳል። ጽሑፉ «ደሴ ላይ የኦክስጅን ድርሻ ስለሚያንስ የኮምቦልቻ ሰው ሲወጣ በአንድ ቀን ደሙ ይበዛል፤ የደሴ ሰው ደም ከቆላ ሰው ደም ወፍራም ነው» ይላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት አለ።

አንደኛ፣ የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ከተማ 21 በመቶ ነው። የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ከባሕር ወለል አራት አምስተኛው ገደማ፣ ደሴ ላይ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ግፊቱ ሲያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የጊዜው ነገር። ኦክስጅን ደም ውስጥ መቀነሱን መጀመሪያ የምታውቀው አንገት ላይ ዋናው የደም ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ያለች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አካል ናት። በነርቭ በኩል ለአንጎል ግንድ ታስታውቃለች፤ መተንፈስ በሴኮንዶች ውስጥ ይፈጥናል። ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ዘገምተኛው የሚጀምረው ኩላሊት ውስጥ ነው። ሕዋሳት ኤችአይኤፍ የሚባል ፕሮቲን ሁልጊዜ ይሠራሉ፤ ኦክስጅን በበቂ ሲኖር በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ ሲያንስ ግን ሳይፈርስ ይቆይና መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ የሚያዘውን ሆርሞን፣ የኢሪትሮፖይቲንን፣ ዘረ መል ያስነሣል። ይህን አሠራር የገለጡት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሰሜንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ መቅኔው ግን አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ ለማድረስ ቀናት ይፈልጋል፤ የሚታይ ጭማሪ የሚመጣው በሳምንታት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለቀነሰ ነው። ጠዋት ደሴ ወጥቶ ማታ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰውማ ይህን ያህል የሚለወጥ ነገር የለውም።

ዳገት ሲወጡ ለሚመጣው ማለክለክ ደግሞ ጽሑፉ ዋናውን ምክንያት አላነሣም። በጤናማ ሰው ላይ የመተንፈስን ጉጉት በዋናነት የሚቀሰቅሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው፤ አንጎል ግንድ ላይ ያሉ ተቀባዮች ጋዙ የሚያመጣውን የአሲድነት ለውጥ ያውቃሉ። ትንፋሹን የያዘ ሰው የሚጨነቀው ኦክስጅኑ ሳያልቅበት በፊት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ወፍራም ደም። ይህ በአገራችን ሰዎች ላይ የተጠና ነገር ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረዋል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን አማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ። ይህ ዝቅ ባለ ምድር የሚኖር ጤናማ ሰው የሚኖረው ልክ ነው፤ ከደሴ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ! በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የኢትዮጵያ ደገኞች ግን በሌላ መንገድ ነው የተላመዱት። ወደ ከፍታ የወጣ ግለሰብ በሳምንታት የሚያሳየው ለውጥና አንድ ሕዝብ በሺህ ዓመታት ውርስ ያገኘው መላመድ የተለያዩ ናቸው፤ ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ላይ አቡክቷቸዋል።

ይህ ነጥብ ጤናንም ይነካል። ደሴ ላይ ደረጃ በወጣ ቁጥር የሚያለክልክ፣ የሚገረጣ፣ ልቡ የሚመታበት ተማሪ «ሰውነትህ አየሩን እየለመደ ነው» ሊባል አይገባውም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

«ባለ አንድ ሕዋስ ሕያዋን ነርቭ ስለሌላቸው ምንም አያውቁም» የሚለው ገጽ ሁለት ላይ ካለው ከራሱ ከጸሐፊው ትርጓሜ ጋር ይጋጫል፤ ምላሽ መስጠትን የሕይወት ሁሉ ባሕርይ ብለውታልና። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ አንድ ሴኮንድ ያህል ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ ከዚያ ለአንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ተንገላቶ አቅጣጫ ይለውጣል። የሚወደው ምግብ ከጥቂት ሴኮንድ በፊት ከነበረው ከጨመረ ቀጥ ብሎ የሚዋኝበትን ጊዜ ያረዝማል። ትውስታው የሴኮንዶች ቢሆንም ወደ ምግቡ ለመድረስ በቂ ነው።

ውሾች የመሬት መንቀጥቀጥን «ከአንድ ቀን በፊት» ያውቃሉ የተባለው አልተረጋገጠም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለችው ካራ ቆሬ ላይ የደረሰውን በሚያህል መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሣል፤ ቀላሉ በሴኮንድ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ አፍራሹ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ውሻ በሁለቱ መካከል ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ያህል አለ። ቀላሉን ሞገድ ሰው ሳይሰማው ውሻው ተሰምቶት ሊጮኽ ይችላል። ከዚያ ያለፈው፣ ውሻ የማይጮኽበት ሌሊት ስለሌለ፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተመረጠ ትዝታ ነው።

«ሰው አምስት የስሜት ሕዋሳት ብቻ አሉት» ለተባለው፦ ዐይንን ጨፍኖ ጣትን ከአፍንጫ ጫፍ ማገናኘት የሚቻለው ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች የእጅን ቦታ ስለሚያውቁ ነው። በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን ተቀባይና ከላይ ያነሣናት የአንገቷ አካልም ከአምስቱ ውጪ ናቸው።

ከሃያዎቹ ጥያቄዎች አራቱ ከመባዛታቸው በፊት ይታረሙ። የ4ኛው መልስ «ብርሃን ያረፈበት ጎን» ሳይሆን «ጥላ ያረፈበት ጎን» ነው። የ9ኛው «ዝናብ» ተሰርዞ «የሌሊት ርዝመት» ይግባ። 13ኛው ላይ አንበጣን ከብቸኝነት ወደ መንጋ የሚለውጠው «ነፋስ» ተብሏል፤ «የኋላ እግር መነካካት» ይባል። 17ኛው፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የወጣን ሰው የሚመለከተው፣ ከቀረቡት አራት ምርጫዎች አንዱም ትክክል ስላልሆነ ጥያቄው እንዳለ ይውጣ።